ባለቤቱ የማይሰማው ጩኸት

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ የአንድ መኪና ሬዲዮ ነው።

ሎስ አንጀለስን የምታውቁ ፌርፋክስን ታውቃላችሁ። ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ያለችው ያቺ አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብላ ተሰይማለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔን የፈለገ ሰው እዚያ ቡና ስጠጣ ያገኘኛል። በቀደምም ለብዙ ዓመት በሹፌርነት የሠሩ አንድ ጋሼ አገኙኝና ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ «አንተ የኮምፒውተር ሰው አይደለህ? እስቲ ሬዲዮዬን እይልኝ» አሉኝ።

ጋሼ አንዳንዴ ሰው ይዘው ላስ ቬጋስ ድረስ ይነዳሉ። በረሃው መሀል ኤፍ ኤሙ ሁሉ ሲጠፋ ኤ ኤም 1070 ላይ ያለው የዜና ጣቢያ ግን ሩቅ ድረስ ይከተላቸዋል። ከሁለት ወር ወዲህ ይኸው ጣቢያ ድስት ውስጥ እንደሚጠበስ ሽንኩርት መንጫጫት ጀመረ። አንቴና አስቀየሩ፤ አልሆነም። መካኒኩም ሬዲዮውን ቀይሩ አላቸው። እኔ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የዛሬ ሁለት ወር መኪናው ውስጥ ምን አዲስ ዕቃ አስገቡ?» ካሜራ ነበር፤ መንገዱን የሚቀርጸው፣ መስተዋቱ ላይ የሚለጠፈው ዓይነት። ወጥተን የቻርጀሩን መሰኪያ ነቀልነው። ሬዲዮው ጥርት አለ። መልሰን ሰካነው፤ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

«ካሜራው እኮ ድምፅ የለውም!» አሉ ጋሼ።

እውነታቸውን ነው፤ ለጆሯችን ድምፅ የለውም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ መጠኑን በቀያየረ ቁጥር በዙሪያው ሞገድ ይረጫል። የሬዲዮ ጣቢያ ማሠራጫም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ልዩነቱ ጣቢያው አስቦበት፣ ፈቃድ አውጥቶና በተመደበለት ቁጥር ላይ መሆኑ ነው። ቻርጀሩ ደግሞ ሳያስበው፣ ያለ ፈቃድ፣ ባገኘው ቁጥር ሁሉ ላይ ያሠራጫል። የመኪናውን 12 ቮልት ወደ 5 ቮልት ለማውረድ ኤሌክትሪኩን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ ያበራል፣ ያጠፋል። የዚያ ፍጥነት ብዜቶች ኤ ኤም ሬዲዮ በሚሠራበት ከ530 እስከ 1700 ኪሎ ኸርዝ ባለው ሜዳ ላይ ይዘንባሉ።

በየቤታችን ያለው ማይክሮኮንትሮለርም ከዚህ የተለየ አይደለም። ማይክሮኮንትሮለር ማለት በልብስ ማጠቢያው፣ በመኪናው ቁልፍ፣ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ተደብቆ የሚሠራ አንዲት ፍሬ ኮምፒውተር ነው። ብዙዎቹ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ፣ ማለትም በ16 ሜጋ ኸርዝ የሚመታ ልብ አላቸው። ጣጣው ሞገዱ በ16 ብቻ አለመቅረቱ ነው። በ32፣ በ48፣ በ64፣ በ80፣ በ96፣ በ112 እያለ ይቀጥላል። 96 የኤፍ ኤም ጣቢያዎች መካከል ነው። 112 ደግሞ አብራሪዎች ለበረራ በሚጠቀሙበት የሬዲዮ ክልል ውስጥ ነው።

ለምን ብዜቱ ይመጣል? ክራርን አስቡ። ጅማቱን በጣታችሁ ሥጋ ለስለስ አድርጋችሁ ስትነኩት ወፍራም፣ የተረጋጋ ድምፅ ይሰጣል። በመምቻ ስትመቱት ግን ያው ጅማት፣ ያው ቅኝት ሆኖ ስለታም ቀጫጭን ድምፆች አብረውት ይወጣሉ። የዲጂታል ምልክትም እንዲሁ ነው። ከዜሮ ወደ አንድ ሲዘል አዘላለሉ በፈጠነ መጠን ላይኞቹ ብዜቶች ይበረታሉ። በአሥር ናኖ ሰከንድ የሚነሣ ምልክት ኃይሉ ከ32 ሜጋ ኸርዝ ገደማ በላይ በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል። በአንድ ናኖ ሰከንድ የሚነሣው ግን እስከ 318 ገደማ ድረስ ብርታቱን ይዞ ይዘልቃል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህ ጩኸት መጀመሪያ ሲታወቅ ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 አልቴር 8800 የሚባለውን ኮምፒውተር የገዛ ስቲቭ ዶምፒየር የተባለ ሰው፣ ትንሽ ሬዲዮ ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስቀምጥ ሬዲዮው እንደሚያፏጭ አስተዋለ። የፕሮግራሙን ርዝመት እያስተካከለ ፉጨቱን ዜማ አደረገውና እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ የኮምፒውተር ወዳጆች ማኅበር ስብሰባ ላይ የቢትልስን ዘፈን አሰማበት። ኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ አልነበረውም! ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ቲ አር ኤስ 80 ደግሞ ሬዲዮ አጠገቡ ሲደረግ የጨዋታ ድምፅ እንዲያሰማ ተብሎ ፕሮግራም ይጻፍለት ነበር።

ጎረቤት ግን አልሳቀም። ቴሌቪዥኑ ላይ መስመር የሚሰነጥርበት የሰውዬው ኮምፒውተር መሆኑን እንኳ የማያውቅ ጎረቤት አቤት አለ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኤፍ ሲ ሲ፣ በ1979 ለኮምፒውተር ነክ ዕቃዎች የጩኸት ገደብ አወጣ። ቲ አር ኤስ 80 የመጀመሪያው ሞዴል አዲሱን ገደብ ማሟላት ስላልቻለ በ1981 መግቢያ ከገበያ ወጣ። በሺዎች የተሸጠ ዕቃ በጩኸቱ ምክንያት ሞተ ማለት ነው።

የስልክ ቻርጀራችሁን ወይም የልጆቹን መጫወቻ ጀርባ ገልብጣችሁ ብታዩ የዚያን ደንብ ሁለት አንቀጾች በጥቃቅን ፊደል ታገኛላችሁ። አንደኛው ይህ ዕቃ ሌላውን አይረብሽም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የመጣበትን ረብሻ ሁሉ ችሎ ይቀበላል ይላል። እኔ ይህን ሁለተኛውን ሳነብ ሁልጊዜ የአገራችን የጉርብትና ሕግ ትዝ ይለኛል።

የጋሼ ካሜራስ ደንቡን ጥሷል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መኪና ውስጥ ብቻ እንዲሠሩ የተሠሩ ዲጂታል ዕቃዎች ከዚህ የገደብ ቁጥር ነፃ ናቸው። አትረብሽ የሚለው አጠቃላይ ግዴታ አለባቸው፤ ነገር ግን እንደ ቤት ዕቃ ተለክተው እንዲያልፉ አይጠየቁም። ርካሽ የመኪና ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ውስጥ ከመግባቴ በፊት እናቶች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝን ልመልስ፤ «ታዲያ ይሄ ጨረር ልጆቹን አይጎዳም ወይ?» ገደቡ በኤፍ ኤም አካባቢ በሦስት ሜትር ርቀት ላይ በሜትር ከ100 እስከ 150 ማይክሮ ቮልት ነው። ይህ ማለት ከዕቃው የሚወጣው ኃይል ከአንድ ዋት ቢሊዮንኛ ጥቂቱ ብቻ ነው። በኪሳችን ያለው ሞባይል ሲበረታ ከአንድ ዋት አንድ አምስተኛ ያህል ይልካል፤ ልዩነቱ በአሥር ሚሊዮኖች ጊዜ ነው። እዚህ የማወራው ስለ ሬዲዮ ጆሮ እንጂ ስለ ሰው ጤና አይደለም። የሬዲዮ ጆሮ ግን እጅግ ስሱ ነው። ከብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የመጣ ሹክሹክታ ለመስማት የተሠራ ነውና አጠገቡ ያለ ትንኝም ይረብሸዋል።

አሁን ወደ ሰርኪዩት ቦርዱ እንግባ። አረንጓዴዋ ሰሌዳ ላይ ያሉት የመዳብ መስመሮች መንገዶች ናቸው። ተማሪ ስንሆን ሁላችንም የምናስበው ስለ ሄያጁ ብቻ ነው፤ ምልክቱ ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ይደርሳል። ኤሌክትሪክ ግን የሄደው ሁሉ ወደ መነሻው መመለስ አለበት። ከሥር ያልተቆራረጠ የመዳብ ሜዳ፣ ግራውንድ የምንለው፣ ካለ ፈጣኑ ምልክት በትክክል ከሄደበት መስመር ሥር ለሥር ተጠግቶ ይመለሳል። ሄያጁና ተመላሹ ሲጠጋጉ የአንዱ ሞገድ የሌላውን ያጠፋል። ሜዳው ላይ ክፍተት ካለ ግን ተመላሹ ይዞራል። የዓባይ ድልድይ ቢዘጋ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ለመድረስ የሚዞረውን መንገድ አስቡት። በሄያጁና በተመላሹ መካከል የተከፈተው ያ ሰፊ ዙሪያ አንቴና ነው። ዙሪያው ሁለት እጥፍ ሲሰፋ ጩኸቱ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የምልክቱ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ደግሞ አራት እጥፍ።

ስለዚህ ጥሩ የቦርድ ሠሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠብቀው ሜዳውን ነው። ባለ ሁለት ገጽ ቦርድ ከሆነ መስመሩን ሁሉ ላይኛው ገጽ ላይ ለማድረግ ይታገላል፣ ታችኛውን በተቻለ መጠን ሳይቆርስ ለግራውንድ ይተዋል። ገንዘብ ካለ አራት ገጽ ይሠራና መሀል አንዱን ሙሉ ሜዳ ያደርገዋል። ግራውንዱን ለሁለት ከፍሎ ማስቀመጥን የሚመክሩ አሮጌ ጽሑፎች አሁንም ይዞራሉ። በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ሥራ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ አንድ መስመር ክፍተቱን ተሻገረ ማለት አንቴና ተሠራ ማለት ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ውኃ ነው። ቺፑ በእያንዳንዱ ምት ለቅጽበት ብዙ ኤሌክትሪክ ይጎነጫል። በተጎነጨ ቁጥር እስከ ዋናው ኃይል ምንጭ ድረስ ሄዶ መቅዳት ካለበት ያ ረጅም መንገድ ሁሉ ይጮኻል። ባልትና የምታውቅ ሴት ወጥ እየሠራች ለእያንዳንዱ ጭልፋ ውኃ ቦኖ ድረስ አትሄድም፤ ከምድጃው አጠገብ እንስራ ታስቀምጣለች። የቺፑ እንስራ ካፓሲተር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 100 ናኖ ፋራድ የምትሆን፣ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ። ለእያንዳንዱ የኃይል እግር አንድ፣ እዚያው እግሩ ሥር። ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቃ ከተቀመጠች ግን እንስራውን ጓሮ እንደማኖር ነው።

ሦስተኛው ኬብል ነው፤ ብዙ ዕቃ ፈተና የሚወድቀውም በኬብሉ ነው። ቦርዱ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ጥሩ አንቴና አይሆንም። ከእሱ የሚወጣው የአንድ ሜትር ሽቦ ግን ይሆናል። ሳይመለስ በዚያ ሽቦ ሾልኮ የሚወጣ 5 ማይክሮ አምፒር ብቻ፣ በ50 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ፣ የቤት ዕቃን ገደብ ለማለፍ ይበቃል። አንዲት ጠቋሚ መብራት የምትጠቀመው ከዚህ በሺህ እጥፍ ይበልጣል። የአንዳንድ ኬብል ጫፍ ላይ የምታዩት ጥቁር እብጠት ለጌጥ አይደለም። ውስጡ ፌራይት የሚባል ማግኔት ነክ ሸክላ አለ፤ ያንን ሾልኮ የሚወጣውን ፈጣን ኤሌክትሪክ ይዞ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «አንተ ሶፍትዌር ሠሪ ነህ፤ ምን አገባህ?» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ለማስተርሴ ከአገር ስወጣ ጩኸት የሌሎች ሥራ ይመስለኝ ነበር። የሚያገባኝ መሆኑን ያየሁት ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ ድርጅት ስክሪን ያለው የቤት ዕቃ ሠርቶ ፈተና ሲወድቅበት ነው። የፈተናው ክፍል ግድግዳና ጣሪያው ሞገድ እንዳይመልስ በሾጣጣ ስፖንጅ የተሸፈነ ነው። ዕቃው በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሦስት ሜትር ርቆ የቆመው አንቴና ከአንድ እስከ አራት ሜትር ከፍ ዝቅ እያለ ያዳምጠዋል። ውጤቱ በስክሪን ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ይታያል። የዚያ ዕቃ ተራሮች በ24 ሜጋ ኸርዝ ብዜቶች ላይ ቆመው ነበር፣ አንዱ ከገደቡ በላይ። ከቦርዱ ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ጠፍጣፋ ኬብል ውስጥ ደግሞ ለተመላሹ የተተወው አንድ ሽቦ ብቻ፣ እሱም ዳር ላይ ነበር።

ቦርዱን እንደ አዲስ ማሠራት ሳምንታት ይፈልጋል። እኔ የተጠራሁት በኮዱ ምን ሊደረግ ይችላል ተብሎ ነው። የክራሩን ነገር ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ብዙ ዘመናዊ ማይክሮኮንትሮለሮች እያንዳንዱ እግራቸው በምን ያህል ፍጥነት ከዜሮ ወደ አንድ እንዲዘል በኮድ እንዲመረጥ ይፈቅዳሉ። ከኢንተርኔት የሚገለበጡ ምሳሌዎች ላይ ያ ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ «በጣም ፈጣን» ላይ ተደርጎ ይገኛል፤ ማንም ስለማይጠይቀው። ስክሪኑ ያን ፍጥነት አይፈልገውም። ጥቂት መስመር ኮድ ቀይረን ከመምቻ ወደ ጣት ወረድን፣ ማንም የማይጠቀምበትን አንድ የሰዓት ምልክትም ዘጋን። ተራሮቹ ወርደው ዕቃው አለፈ። በሚቀጥለው ዕትም የኬብሉ ተመላሽ ሽቦዎች ቁጥር ጨመረ፣ በየመስመሩ መነሻም 33 ኦም ሬዚስተር ገባ። የሬዚስተሩ ዋጋ ከሳንቲም በታች ነው። ለመጀመሪያው የፈተና ክፍል የተከፈለው ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው የአሜሪካ ደንብ አስጨንቆኝ አይደለም። አሳቤ አገር ቤት ነው። አጎቴ ጎጃም ገጠር ውስጥ ነው የሚኖረው። ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ዜና ይሰማል። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሠራጨት የጀመረው በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 ነው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.፤ አጎቴም ከልጅነቱ ጀምሮ ያዳምጣል። በቅርብ ዓመታት ቤቱ በሶላር የሚሠራ መብራት ገባ። ባለፈው በስልክ ስናወራ «መብራቱ ጥሩ ነው፤ ዜና ሲደርስ ግን አጠፋዋለሁ» አለኝ። ለምን ብለው መብራቱ ሲበራ ሬዲዮው ስለሚንጫጫ። ጣቢያ ሆን ተብሎ ሲታፈን የሚሰማውን ጩኸት የሚያስታውስ ትውልድ ነውና መጀመሪያ ነገሩ ሌላ መስሎት ነበር። አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ ከብርሃንና ከዜና አንዱን መምረጥ አለበት፤ ምክንያቱም መብራቱን የሠራው ፋብሪካ አንዲት ካፓሲተርና አንዲት ፌራይት ቆጥቧል።

በዚህ ላይ መኪናው እየመጣ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞራለች። እኔ እርምጃውን እወደዋለሁ። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚነዳው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት በሰከንድ በሺዎች ጊዜ እየተቆራረጠ ነው፤ ብዜቱም ኤ ኤም ላይ ይወድቃል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ጩኸቱን ከማጥፋት ይልቅ ጆሮውን መቁረጥ መርጠዋል። ቢ ኤም ደብሊው አይ 3 አሜሪካ ውስጥ ያለ ኤ ኤም ነው የተሸጠው። ፎርድም በ2023 ኤ ኤምን ከአዳዲስ መኪኖቹ ሊያስቀር ነው ሲባል ተቃውሞ በዛበትና ሐሳቡን ቀየረ። ከሬዲዮ በቀር የአደጋ ማስጠንቀቂያ የማይደርሰው ገበሬ ባለበት አገር ጆሮ መቁረጥ መፍትሔ አይመስለኝም።

አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ያላችሁ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪዎች የመጀመሪያ ቦርዳችሁን ልታሠሩ ስትሉ ብዙ ጊዜ በኢሜይል ትጽፉልኛላችሁ። የፈተና ክፍል የለንም ለምትሉኝ፦ ርካሽ የኪስ ሬዲዮ አላችሁ። ጣቢያ የሌለበት ቁጥር ላይ አድርጉና ቦርዱን አስጠጉት። ማይክሮኮንትሮለሩ ሥራ ሲቀይር ፉጨቱም ሲቀየር ትሰማላችሁ፤ ዶምፒየር በ1975 የሰማውን ማለት ነው። ኬብሉን ስታንቀሳቅሱ ከተለወጠ ጥፋቱ ከኬብሉ ነው። ይህ ልኬት አይደለም፣ ለምስክር ወረቀትም አይሆንም፤ ግን ካፓሲተሯን ካጠጋችሁ በኋላ ጩኸቱ መቀነሱን በጆሯችሁ ታረጋግጣላችሁ።

ቤት ያላችሁም በዚሁ ሬዲዮ ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ምሽት መጫወት ትችላላችሁ። በየክፍሉ እየዞራችሁ ቻርጀር፣ አምፖል፣ ቴሌቪዥን አስጠጉትና የትኛው እንደሚጮህ ፈልጉ። የሚጮኸውን ስታገኙ መጀመሪያ ከሬዲዮው አርቁት፣ በሌላ መስመር ላይ ያለ ሶኬትም ሞክሩ። ካልሆነ በኬብሉ ላይ የሚቆለፍ ፌራይት አለ፤ ለጋሼ ያዘዝኩላቸው እሱን ነው። ኬብሉን ሁለት ሦስት ጊዜ በውስጡ አሳልፋችሁ ብትጠመጥሙት ይበልጥ ይሠራል። ሬዲዮ የማትሰሙ ብትሆኑም አንድ ነገር ይጠቅማችኋል። ገመድ አልባው ማውስ ላፕቶፑ ላይ ዩኤስቢ 3 ዲስክ ስትሰኩ መደናቀፍ ከጀመረ ማውሱን አትጣሉት። ኢንቴል ራሱ በ2012 እንዳሳየው የዚያ ዩኤስቢ ጩኸት ማውሱ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ ይወድቃል። የማውሱን ትንሽ መቀበያ በአጭር ማራዘሚያ ከዲስኩ አርቁት፤ ሌላ ወጪ የለውም።